አርባ ጅምሮች በአስተያየት ሳጥን ውስጥ

ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር አፉ ውስጥ ይዞ አሥራ ዘጠኝ የሥራ ቀን እንዴት ምሳ ይበላል? ይህን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። በላሁ ግን። ሽሮ በላሁ፣ ፍስክ ሲሆን ቅቅልም በላሁ፤ ሁሉም በዓረፍተ ነገሯ ጎን እያለፈ ወረደ። ረጅም ብትሆን ኖሮ ባልገረመኝ። «ወረቀቶቹ የእኔ ናቸው» የምትል ናት። ሦስት ቃል። ከዚህ የረዘመ ነገር ጠዋት ጠዋት የቢሮዬ በር አልከፈት ሲለኝ ለቁልፉ እናገራለሁ።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። የምሠራው ጅማ ውስጥ፣ ቡና የሚመለከተው አንድ የፌዴራል ቅርንጫፍ ቢሮ፣ መዝገብ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ የቢሮው ስም በተጠራ ቁጥር ስብሰባ ይጠራል። ደብዳቤያችን በአማርኛ ነው፣ ሐሜታችን በኦሮምኛ፤ ግምገማ ሲመጣ ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ዝም እንላለን።

ትምህርት ቤት የገባሁት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ሲያስመዘግቡ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በማታ ስጨርስ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ አስቸጋሪ አመል አለበት፤ የተማረውን ሁሉ ይጠቀምበታል። አራት ነጥብ ለጎደለው ደብዳቤ የወጪ ቁጥር አልሰጥም። «ጉዳዩ» የሚለው ካልተሰመረበት እመልሳለሁ። በዚህ የተነሳ ቢሮ ውስጥ ቂም ያልያዘብኝ ሰው ቢኖር ደብዳቤ የማይጽፈው ጥበቃው ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ አንድ ምስጢር ነበረኝ። እጽፋለሁ። ደብዳቤ አይደለም፤ ልብ ወለድ። እጽፍ ነበር ብል ይሻላል። በባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር፣ ማንም ሳያይ፣ ትንንሽ ታሪኮች እጽፍ ነበር፤ አንድ ቀን ነጠፈ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ደብተሩን እየገለጥኩ ቀኑን ጽፌ እዘጋለሁ። ቀኑን ብቻ። ታሪክ አልወጣውም እንጂ እንደ ቀን መቁጠሪያ አንድ ስህተት የለበትም።

የማታ አማርኛ መምህሬን ጋሽ ታፈሰን አማከርኳቸው። ጡረታ ወጥተው ሄርማታ ገበያ አጠገብ፣ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው የመንገደኛውን አነጋገር ሲያርሙ የሚውሉ ሰው ናቸው።

«አንቺን የያዘሽ ምርጫ ነው» አሉኝ። «ምን ልጻፍ ስትዪ ጀንበር ትጠልቃለች። ስለዚህ አትምረጪ። ጅምር ጅምር ነገር በቁራጭ ወረቀት ጻፊ፤ ‹በሩ ተንኳኳ፣ ማን ነው?› ዓይነት። ሳጥን ውስጥ ክተቺ። ዓይንሽን ጨፍነሽ አንዱን አውጪ። የወጣልሽን ተቀብለሽ ዝም ብለሽ ቀጥዪ።»

«ስንት ይሁን?»

«አምስት ስድስት ይበቃል።»

አርባ አዘጋጀሁ።

ችግሩ፣ አንዱን ባወጣሁ ቁጥር የማየው የራሴን የእጅ ጽሑፍ መሆኑ ነበር። የራሴን ጽሑፍ ካየሁ ማረም እንጂ መቀጠል አይሆንልኝም። በአሥር ቀን ውስጥ አርባውንም ሦስት ሦስት ጊዜ አሻሻልኳቸው፤ ወደ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ግን አልተሻገርኩም። ጋሽ ታፈሰ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው በሌላ ሰው እጅ አስጽፊያቸው። ከማታውቂው ሰው የመጣልሽ ይምሰልሽ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ፣ እኔን አሥራ ሁለተኛ ክፍል አሳልፈው እንደተገላገሉ ያሰቡበትን ቀን የማስታወስ ነገር ነበረበት።

ጋሽ ከድር የገቡበት በዚህ ነው። የናሙና ቡና ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ የሄርማታ ተወላጅ፣ ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር የቀራቸው። የእጅ ጽሑፋቸው የታወቀ ነው። በናሙና ከረጢት ላይ ቡናው የመጣበትን ወረዳ «ሰቃ» ብለው ሲጽፉ፣ ሰቃ ራሷ እንዲያ አምራ አታውቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ አርባውን እንዲገለብጡልኝ ሰጠኋቸው።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ልጄ?» መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ሁለት ሦስቱን አነበቡ። «እንቆቅልሽ ነው?»

«የግሌ ነገር ነው፣ ጋሽ ከድር። የማን እንደሆነ ለማንም እንዳይናገሩብኝ። አደራ።»

«ቶሌ፣ እሺ» አሉ። «አደራ ካልሽ ወላሂ ስምሽ ከአፌ አይወጣም።»

ሳጥን ቀረ። ቤት ማስቀመጥ አይታሰብም፤ አብራኝ የምትኖረው እኅቴ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ሳይቀር አንብባ ለጎረቤት የምታብራራ ናት። ቢሮ ግን፣ ከመዝገብ ቤት በር ጎን፣ አንድ አረንጓዴ ሳጥን ተሰቅሏል። የመልካም አስተዳደር ሥልጠና የተሰጠ ሰሞን የተሰቀለ ነው፤ «የአስተያየት መስጫ» ይላል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ የገባበት አንድ የማስቲካ ወረቀት ብቻ ነበር፤ እሱንም በሌላ ሰው አስተያየት መግባት እንዳይሆንብኝ አላወጣሁትም። ከሰቃ እስከ ሰኮሩ ቢፈለግ፣ ሰው እጁን የማይሰድበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም ነበር።

በምሳ ሰዓት ሰው ሲወጣ ሳጥኑን እከፍትና ዓይኔን ጨፍኜ አንድ አወጣለሁ። አንድ ቀን የወጣልኝ እንዲህ ይላል፦ «ኮቱ ወንበሩ ላይ አለ። ሰውየው የለም።» በጋሽ ከድር እጅ ተጽፎ ሳየው እውነትም ከማላውቀው ሰው የመጣ መሰለኝ። እስኪሪብቶዬን አነሳሁ። ከዚያ ኮቱ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ። ሱፍ ከሆነ በዚህ ሙቀት ማን ይለብሰዋል? ሱፍ ካልሆነስ ኮት ልበለው ወይስ ጃኬት? የምሳ ሰዓቱ አለቀ። በማግስቱ ደግሞ ኮቱ ስንት ቁልፍ እንዳለው ስወስን አለቀ። በሦስተኛው ቀን ጅምሩን ወደ ሳጥኑ መለስኩት፤ ሰውየውም እስካሁን አልመጣም።

እንዲህ እያልኩ አንድ ወር ሄድኩ። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ እንግዳ ለግምገማ መጡ። የቆዳ ጃኬት፣ ወፍራም አጀንዳ፣ ዝግ ያለ ድምፅ። ኮሪደሩን ሲጎበኙ ሳጥኑ ፊት ቆም አሉ።

«ይሄ ተከፍቶ ያውቃል?»

የቅርንጫፋችን ኃላፊ አቶ ደሬሳ ምራቃቸውን ሲውጡ ከመዝገብ ቤት ሆኜ ሰማሁ። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ሠራተኛው አይሳተፍም ማለት ነው፤ ሠራተኛው ካልተሳተፈ ደግሞ የሚጠየቀው ሳጥኑ አይደለም።

«ቁልፉን ስጪን፣ እህቴ» አሉኝ አቶ ደሬሳ።

ደህና ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቁልፉ ይጠፋበታል። እኔ የርክክብ መዝገቡን ገልጬ አስፈረምኳቸው። ልማድ ነው፤ እጄ ሲያስፈርም አእምሮዬ ገና ቢሮ አልገባም ነበር። የገባው አቶ ደሬሳ እጃቸውን ሰደው አርባ ቁራጭ ወረቀት አፍሰው ሲያወጡ ነው።

እንደዚያን ቀን የተደሰተ ኃላፊ አይቼ አላውቅም። ልጅ የተወለደላቸው መሰሉ። «ይኸውልዎት ተሳትፎ» አሉ ለእንግዳው። «ሠራተኛችን ዝምተኛ ይመስላል እንጂ በሆዱ ብዙ ነገር አለ።» ያንን ፊት እያየሁ «የእኔ ናቸው፤ ልብ ወለድ ልጽፍባቸው ነበር» ልበል? ከምሳ በኋላ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከምሳ በኋላ ስብሰባ ተጠራ።

አዳራሹ ሞላ። ወረቀቶቹ ቁጥር ወጣላቸውና እንግዳው በዝግታ ማንበብ ጀመሩ።

«ቁጥር አንድ። ‹ኮቱ ወንበሩ ላይ አለ። ሰውየው የለም።›»

 ከዚያ ከፕላን ክፍል ሙሉጌታ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«እኔን ለማለት ነው። ግልጽ ነው፤ ግለ ሂስ አደርጋለሁ። ሁለት ኮት አለኝ፣ አንዱ የወንበሩ ነው። ግን እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ሹራብ ሰቅለው የሚሄዱም አሉ።»

ሦስት ሴቶች ሹራባቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ።

«ቁጥር አራት። ‹ለሦስት ዓመት ያልተከፈተው መሳቢያ ውስጥ ምን አለ?›»

«ቁልፉ ጠፍቶብኝ ነው» አለች የኃላፊው ጸሐፊ አስካለ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

መሳቢያው በካቻቪቴ ተከፈተ። አንድ እሽግ የሠርግ ጥሪ ካርድ ተገኘ፤ የሙሉጌታ ሠርግ። ለቢሮው ሰው እንድታድልለት ሰጥቷት፣ ቆልፋበት፣ ቁልፉን ጥላ፣ አፍራ ዝም ብላለች።

«ሠርጌ ላይ ከቢሮ አንድ ሰው አልመጣም» አለ ሙሉጌታ ካርዶቹን እያገላበጠ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሁላችሁንም በሆዴ ይዣችኋለሁ።»

«እኛም አልጠራንም ብለን ይዘንሃል» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ሁለተኛ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ቢሮው በሙሉ የጨጓራ ሕመም የተነሳበት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው።

«ቁጥር ዘጠኝ። ‹ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ሰው በጓሮ በር ይወጣል። የት ይሄዳል?›»

ሐሙስ የጅማ ትልቁ ገበያ እንደሚቆም እንግዳው አያውቁም። እኛ እናውቃለን። መጀመሪያ አንድ እጅ ወጣ፤ «ለሽንኩርት ነው» አለ። ቀጥሎ ሦስት እጅ። ቀጥሎ አንድ ረድፍ በሙሉ። መጨረሻ ላይ የጓሮ በር ጥበቃው ተነሳ። «እኔም እወጣለሁ» አለ። «ሁሉም ከወጣ ማንን ልጠብቅ፣ ማሎ፣ እባካችሁ?»

እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እሰማለሁ። የተሰማኝ ፍርሃት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ቅናትም ነበረበት። አርባ ጅምር ጽፌ አንዱን መቀጠል ያቃተኝ እኔ ነኝ፤ እነሱ ግን ሳይዘጋጁ፣ ቆመው፣ መሐሉንም መጨረሻውንም ይጨርሱልኛል። ጸጸት አለበት፣ ንግግር አለበት፣ ሽንኩርት ሳይቀር አለበት። የኮቱ ጨርቅ ምን እንደሆነ አንድም ሰው አልጠየቀም።

ያልተመለሰው አሥራ ሰባተኛው ብቻ ነው፦ «ዝናቡ ሲያባራ ከዋንዛው ሥር የቆመችው ሴት ማን ናት?» ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። «ግልጽ ያልሆነ፤ ለክትትል ይቀመጥ» ተብሎ ተያዘ።

በቃለ ጉባኤው ላይ አስተያየቶቹ አርባ አንድ ተብለው ተመዝግበዋል። ስህተት ነው። አርባ ናቸው፤ አርባ አንደኛው የማስቲካው ወረቀት ነው፣ «ይዘቱ ያልታወቀ» ተብሎ ቁጥር ወጥቶለታል። በዚያ ስብሰባ አፌን ልከፍት የቃጣኝ ይህን ለማሳረም ብቻ ነበር።

እንግዳው ሪፖርታቸውን ጽፈው ሄዱ። ቅርንጫፉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው ብሎ የሚመሰክር ሰው እንዳላገኙ ጽፈዋል። የአቶ ደሬሳ ደስታ አብሯቸው በአዲስ አበባው መኪና ሄደ። በማግስቱ አስካለ ከናሙና ክፍል አንድ ከረጢት ይዛ አቶ ደሬሳ ዘንድ ገባችና ከቁራጮቹ አንዱን አጠገቡ አስቀመጠች። እጁ አንድ ነበር። ይህን ለማየት አስካለን መሆን አያስፈልግም ነበር፤ እሷ ግን መሳቢያዋ ተሰብሮባታል።

ጋሽ ከድር ተጠሩ። የኃላፊው በር ገርበብ ያለ ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ።

«እጁ የእኔ ነው» አሉ። «ሐሳቡ የእኔ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«እሱን አልናገርም።»

«ጋሽ ከድር፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሠራተኛው እርስ በርሱ ተጣልቷል።»

«ታርቋልም። ሙሉጌታን ጠይቁት። ስሙን ግን አልሰጥም፤ ቃል አለብኝ።»

ውሳኔው ወዲያው ተሰማ። በሠራተኞች መካከል አለመተማመን ስለፈጠሩ ጡረታቸው እስኪደርስ ሰኮሩ ወዳለው የናሙና መቀበያ ይዛወራሉ። ሰኮሩ ለወጣት ምንም አይደለም፤ የአዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው፣ አየሩም ደህና ነው። የጋሽ ከድር ባለቤት የወይዘሮ ዘይነባ ዓይን ግን ከደከመ ቆይቷል። የሄርማታ ቤታቸውን በእጃቸው ነው የሚያውቁት፤ ከበሩ እስከ መስገጃው፣ ከመስገጃው እስከ ጓሮው ቧንቧ። በማያውቁት ቤት አንድ እርምጃ አይራመዱም። የዓይን ጠብታውን ደግሞ ጋሽ ከድር በየቀኑ ምሳ ሰዓት ሄደው ራሳቸው ነው የሚያደርጉላቸው። ከሰኮሩ ለምሳ ተመላልሶ ጠብታ ማድረግ አይቻልም።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ምን ነበር የፈራሁት? ከሥራ መባረርን አይደለም፤ ሳቁን ነው። አራት ነጥብ ጎደለ ብላ ሰው የምታመላልሰው ሴትዮ፣ አንድ ታሪክ መቀጠል አቅቷት በምሳ ሰዓት ከሳጥን ዕጣ ስታወጣ ኖራለች መባልን። ለዚህ ስል አንዲት ዓይነ ደካማ ሴት ከቤቷ ልትነቀል ነው። እንዲህ ተጽፎ ሳየው ያሳፍራል፤ ያኔ ግን አልተጻፈም ነበርና ምሳዬን በላሁ።

ሰኞ የዝውውሩ ደብዳቤ ወጪ ሊደረግ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ቁጥር የምሰጠው እኔ ነኝ። አንዴ አየሁትና «ጉዳዩ» አልተሰመረበትም ብዬ መለስኩ። በሦስተኛው ቀን ተሰምሮበት መጣ፤ ግልባጭ የሚደረግላቸው አልተዘረዘሩም ብዬ መለስኩ። ሲመጣ የጋሽ ከድር አያት ስም ጎድሏል አልኩ። ሲመጣ ቀኑ የእሑድ ነው አልኩ፤ እውነትም የእሑድ ነበር። አስካለ ከእኔ ጋር ሰላምታ አቆመች። በሕይወቴ ሙሉ ሰው የጠላብኝን አመል ለመጀመሪያ ጊዜ ለደግ ሥራ አዋልኩት ብዬ ራሴን አታለልኩ። ደግ ሥራው ሦስት ቃል ነበር፤ እኔ አራት ጊዜ ደብዳቤ መለስኩ።

በዚህ መሐል ናሙና ክፍል ሄድኩ። ጋሽ ከድር ከረጢቶቻቸውን ለተተኪያቸው እያዘጋጁ ነበር።

«ለምን አይነግሯቸውም?» አልኳቸው። «ቃልዎን አንስቼልዎታለሁ።»

«ለእኔ አነሳሽልኝ። እነሱ ምን ያውቃሉ?» ከረጢቱን ቋጠር አደረጉ። «እኔ ብናገር ሰው ሰጠ ይባላል። አንቺ ብትናገሪ ግን ወሬ ነው፣ ያልፋል። እንዳሻሽ፣ ልጄ።»

«ወይዘሮ ዘይነባ ምን አሉ?»

«እሷማ ጥፋቱ ያንቺ ነው። ያነበብኳቸውን አንድ ሁለቱን በቃሌ ብነግራት ‹ሌላስ፣ ሌላስ› ብላ አርባውንም አስወጣችኝ። የዋንዛዋን ሴት ብቻ ሦስት ቀን ተረከችልኝ። ሁለቴ አግብታ ፈታለች፣ አሁን ወደ ሊሙ እየሄደች ነው። እቃችንን እንኳ ማሰር አልቻልንም።»

ባል ሰኮሩ ሊላክ፣ ሚስት አርባውን ጅምር ጨርሳለች። እኔ ደግሞ እዚያ ቆሜ፣ ከማዘኔ በፊት ቀናሁ። ያን ጊዜ ነው ራሴን በደንብ ያየሁት።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ደብዳቤው ለአምስተኛ ጊዜ መጣ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አስካለ ለእኔ ብላ እንዴት እንደለፋችበት ያስታውቃል፤ መስመሩ በማስመሪያ፣ ግልባጩ በቅደም ተከተል፣ አራት ነጥቡ ሁሉ በየቦታው። በአገልግሎት ዘመኔ እንዲህ ያለ እንከን የለሽ ደብዳቤ አልመጣልኝም። ይዤው ተነሳሁና ወደ አቶ ደሬሳ ገባሁ።

«ወረቀቶቹ የእኔ ናቸው» አልኳቸው።

«የትኞቹ?»

«አርባዎቹ።» ሁሉንም ነገርኳቸው። ደብተሩን፣ ጋሽ ታፈሰን፣ ኮቱን።

አቶ ደሬሳ በአዘኔታ አዩኝ። «እህቴ፣ ለጋሽ ከድር ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል። ሁላችንም እንወዳቸዋለን። ግን አንቺን ልብ ወለድ ጸሐፊ ነኝ ብትዪኝ ማን ያምንሻል? እስቲ የጻፍሽውን አምጪ።»

«የለም።»

«አንድም?»

«መጻፍ ስላቃተኝ አይደል ሳጥኑ ያስፈለገኝ።»

ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። «በቃል አይሆንም። በጽሑፍ አቅርቢ።»

ከውጭ፣ ከአስካለ ትይዩ ካለው ባዶ ጠረጴዛ ተቀመጥኩ። በአንድ ገጽ ልጨርስ ነበር ሐሳቤ። «ቁልፉን በፊርማ አስረከብኩ» ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ አቶ ደሬሳ ወረቀቶቹን ሲያፍሱ ፊታቸው እንዴት እንደበራ መተው አልቻልኩም፤ ከዚያ ሙሉጌታ ካርዶቹን ሲያገላብጥ፤ ከዚያ ወይዘሮ ዘይነባ ግድግዳቸውን ሲዳብሱ። አስካለ መጀመሪያ በጥርጣሬ አየችኝ። በኋላ ሁለተኛ እስኪሪብቶ ሰጠችኝ፤ የእኔ አልቆ ኖሯል። ከምሳ በፊት አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። አንድም ቃል አላረምኩም።

አቶ ደሬሳ ቆሜ እያለሁ አነበቡት። ስለ ራሳቸው የተጻፈው ጋ ሲደርሱ ጆሯቸው ቀላ። አንድ ሁለት ቦታ ሳቃቸውን አፈኑ። መጨረሻው ጋ ሲደርሱ ወረቀቱን ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«ከዚያስ? ጋሽ ከድር ምን ሆኑ?»

«እሱን የሚጽፉት እርስዎ ነዎት።»

የዝውውሩን ደብዳቤ ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው እስኪሪብቶ አነሱ። ኅዳጉ ላይ አስጠጉት። ረጅም ጊዜ እንዳስጠጉት ቆዩ። ለእንግዳው ምን እንደሚሉ፣ ለሠራተኛው ምን እንደሚሉ ያስባሉ። ያንን የእስኪሪብቶ አያያዝ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

«‹የዝውውሩ ውሳኔ ተሰርዟል› ብለው ይጀምሩ» አልኳቸው። «ቀሪው ራሱ ይመጣል።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጻፉት።